የካርቶን መንጃ ፈቃድ

ልጅነቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ የሞተር ድምፅ ነው። ግማሹ የእውነት፣ ግማሹ የቴሌቪዥን። ዲላ ውስጥ፣ ከሞያሌው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ከውጭ ዳገቱን እያቃሰቱ የሚወጡ ተሳቢዎች ይሰማሉ፤ ከግቢው ፊት ለፊት ካለችው ክፍል ደግሞ የጌም መኪኖች ሲያፏጩ ይሰማል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሁለቱንም ይውጣቸዋል። በቡና ሰሞን ከጎረቤት መጋዘን የጀንፈል፣ ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ሽታ አጥር ዘሎ ይገባል፤ ደረቅ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። ዛሬም የሆነ ቦታ ያ ሽታ ሲያገኘኝ አውራ ጣቴ ሳላስበው ጆይስቲክ እንደያዘ ሰው ይንቀሳቀሳል።

የግቢው ባለቤት እትዬ አስቴር ናቸው። ባላቸው ጋሽ በየነ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። እኔ አምስተኛ ክፍል እያለሁ ከወናጎ ወዲያ ባለ አንድ ኩርባ ላይ መኪናቸው ተገለበጠና ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ግቢው በሙሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መኖር ጀመረ። ጠያቂ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ለሐኪም ቀጠሮ እንኳን በክራንች አዝግመው ይሄዳሉ እንጂ ባጃጅ አይሳፈሩም። "ከእንግዲህ መኪና ውስጥ አልገባም" ብለዋል አሉ፤ እሳቸው ካሉ ደግሞ አሉ ነው።

እትዬ አስቴር ግን እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል አጸዱ፤ ወንድማቸው ከሐዋሳ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት የጌም ማሽን አመጣላቸው፤ በሩ ላይ ፀሐይ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ሰቀሉ፤ ሦስት አግዳሚ ወንበር ደረደሩ። የሰፈራችን ጌም ቤት እንዲህ ተከፈተ። ሴት ልጅ ጌም ቤት ስትገባ በዚያን ጊዜ ብዙም አይወደድም ነበር። እኔ ግን ግቢያችን ስለሆነ እናቴ ከመስኮት እያየችኝ ትታገሰኝ ነበር።

እንደ መኪና ውድድሩ ሰው የሚሰበስብ ጌም አልነበረም። ትምህርቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ይቺን ተጭነህ ያዝ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።" የአምስት ዓመት ሕፃን ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ቤት የማይሄደውም፣ ከገበያ ሲመለስ ቅርጫቱን በር ላይ ያስቀመጠውም እኩል ይስቃል። ነገር ግን ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ ነገሩ ተበላሸ። ሦስት አራት ልጆች ኩርባውን ሁሉ በቃላቸው ያዙትና ሌላውን በየቀኑ ማሸነፍ ጀመሩ። ትንንሾቹ መምጣት ተዉ። ትልልቆቹም ያችኑ አራት መኪና መንዳት ሰለቻቸው። ሌሎች መኪኖች ነበሩ፤ ዝርዝሩ ላይ በጥቁር ጥላ ተስለው፣ ቁልፍ ምልክት ተደርጎባቸው ይታያሉ። እነሱን ለመክፈት ግን ብቻ መቀመጥና ረጅሙን ውድድር ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ማለፍ ያስፈልጋል። አጠገቡ ተራ የሚጠብቅ ልጅ እየጎተተው ለዚያ ማን ትዕግሥት አለው? ልጆቹ ኳስ ጌም ወዳለበት ወደ ሌላው ሰፈር ሄዱ። እትዬ አስቴር ባዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ብቻዬን እየነዳሁ ሳለ የክራንቹ ድምፅ ከጓዳ መጣ። ጋሽ በየነ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። የዚያን ጊዜ ዘዴያችን ግድግዳውን ተደግፎ መታጠፍ ነበር፤ ጌሙ ስለማይቀጣ ኩርባ ላይ መኪናውን ከብረቱ ጋር እያፋጨን ነዳጅ ሳንቀንስ እንወጣለን። እሳቸው ሁለት ኩርባ ስወጣ አዩኝ።

"ራሄል፣ ፍሬን የሚባል ነገር አልሰማሽም?"

"ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው! ግድግዳው ምንም አያደርግም።"

ፊታቸው ለምን እንደተለወጠ አሁን ነው የሚገባኝ። ያኔ ግን ጆይስቲኩን ሲቀበሉኝ ደስ አለኝ። በትልልቅ እጃቸው ውስጥ ጆይስቲኩ የሕፃን መጫወቻ መሰለ። መጨረሻ ወጡ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና መጨረሻ። በሦስተኛው ላይ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ቀነሱ፣ ሳይነኩ ታጠፉ፣ ሲወጡ ነዳጅ ሰጡ። ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። "እግር የማይጠይቅ መኪና" አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ።

ትምህርታችን በፈረቃ ስለነበር ከሰዓት በምማርበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ቤት ነበርኩ። ጋሽ በየነ ቁርሳቸውን በልተው፣ ፊታቸውን ተላጭተው፣ ሥራ እንደሚገባ ሰው ጌም ቤት ሲገቡ አያለሁ። ያንን ማንም ያልደፈረውን ረጅም ውድድር ከትንሿ መኪና ጀመሩት። ሲሸነፉ አይናደዱም፤ ደብተር ላይ የኩርባውን ቅርጽ ይስላሉ፣ የት ማርሽ እንደሚቀንሱ ምልክት ያደርጋሉ። የደረሱበትን ቤቱ ባለው አንድ ሜሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጣሉ። ለወራት እንዲህ ሆነ። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ጥላው ተገፎ ቀይ፣ ብርማ፣ ሰማያዊ መኪኖች ብቅ አሉ። እትዬ አስቴር በዚያ ወቅት ማንጎራጎር መጀመራቸውን እናቴ ናት ያስተዋለችው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጋሽ በየነ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰቡንና ከጫማ ካርቶን የተቆረጡ ካርዶች አወጡ። መንጃ ፈቃድ ነው አሉ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ፣ ስም መጻፊያ ያለው፣ ከታች ፊርማቸው ያለበት። አንደኛ የሚያገኘው ሦስት ዙር ግድግዳ ሳይነካ የጨረሰ ነው። ሁለተኛው በዝናብ ነው። ሦስተኛው ከኋላ ተነስቶ ማንንም ሳይገፋ ቀድሞ የገባ። አራተኛው የተራራውን ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች ምንም ሳይነካ የወረደ። አምስተኛውን "ስትደርሱ ትሰማላችሁ" አሉ። ሁለተኛ ያለው እሳቸው ከከፈቷቸው መኪኖች ግማሹን፣ ሦስተኛ ያለው ሁሉንም ይነዳል።

አንድ ነገር ግን ጥብቅ አደረጉ፤ አዲስ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ቀን ምንም አይባልም። ይጋጭ፣ ይገልብጥ፣ ወደ ኋላ ይንዳ። ትልልቆቹ "ደንቡን ይማር እንጂ" ብለው ሲያጉረመርሙ፣ "ተዉት፤ መጀመሪያ ይውደደው። ያልወደደውን ሰው ምን ብዬ ነው የማስተምረው?" አሉ። ሁለተኛውም ደንባቸው እንዲሁ ጥብቅ ነበር፤ ለማንም አያዝኑም። አንድ ልጅ መጨረሻው ኩርባ ላይ ብረቱን በጭረት ነክቶ አለቀሰ። እትዬ አስቴር "በየነ፣ ስጠው እባክህ" ብለው ለመኑለት። እሳቸው ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ኩርባውን ደብተር ላይ ሳሉለት። ካርዱን ግን አልሰጡትም። በማግስቱ ሲያገኘው ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ጌም ቤቱ እንደገና ሞላ። ታሪኩ የሚባለው ልጅ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኮንጋ በምትባል ገጠር ተወልዶ ያደገ ሲሆን አክስቱ ጋ ሆኖ ዲላ እንዲማር ነበር ቤተሰቦቹ የላኩት። አማርኛው ገና ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም ያደባልቅ ነበር፤ እኔን "አንተ" ይለኛል፣ ጋሽ በየነን አንድ ቀን "አንቺ" ብሏቸው እሳቸው ራሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። አንደኛን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ካርዱን ሲቀበል በሁለት እጁ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማን ይያዘው! ሁለተኛን፣ ሦስተኛን እንደ ዘበት ወሰደ። እኔ ሦስተኛ ላይ ለወራት ቆሜ ተራራውን ስታገል፣ እሱ አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቁልቁለቱን ወረደው። ልጆቹ ተሸክመው አስጨፈሩት። እኔም አጨበጨብኩ። ጥርሴን ነክሼ ግን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ በየነ ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። እትዬ አስቴርን አስፈቅጄ ብቻዬን ገባሁ። ተራራውን ደጋግሜ ተለማምጄ የራሴን ልምምድ በራሴ ስም ሜሞሪ ካርዱ ላይ ላስቀምጥ አልኩ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። የገባኝ "ቦታ የለም" የሚለው ብቻ ነው፤ ቀሪውን፣ የነበረውን ላጥፋው ወይ የሚለውን፣ ሳላነብ "አዎ" አልኩ። ዝርዝሩ ሲመለስ ከአራቱ መኪና በቀር ሁሉም ጥቁር ጥላ ሆኖ ነበር። የጋሽ በየነ መኪኖች በሙሉ ጠፍተዋል። ማሽኑን አጠፋሁ፣ ጆይስቲኩን እንደነበረ ጠቀለልኩት፣ ቦርሳዬን አንስቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ስመለስ ክፍሉ ሞልቶ ጸጥ ብሏል። ጋሽ በየነ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ባዶውን ዝርዝር ወደ ላይ ወደ ታች ያመላልሱታል። "መብራት ነው፤ ትናንት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቷል" አሉ እትዬ አስቴር። እኔም መብራት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ከትልልቆቹ አንዱ ግን "ትናንት መጨረሻ ሜሞሪ ካርዱን የነካው ታሪኩ ነው። ከገጠር መጥቶ ማሽን ምን ያውቃል" አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ታሪኩ ለመመለስ አማርኛው ጠፋበት፤ "እኔ... እኔ አይደለም" ብቻ አለ። ወደ እኔ ሲያይ እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥም ወንበሩ ባዶ ሆነ። አክስቱ ቤት ሄጄ ስጠይቅ፣ "ቡና ለቀማ ብሎ ኮንጋ ሄዷል። የሚመለስም አይመስለኝ፤ ከተማ አልሆነልኝም አለ" አሉኝ። በዚያን ጊዜ ነገሩ የጌም ነገር መሆኑ እንዳበቃ ተረዳሁ። አንድ ልጅ በእኔ ዝምታ ትምህርቱን ሊተው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጋሽ በየነን ጌም ቤት አገኘኋቸው። አልጀመሩም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

"ጋሼ፣ መብራት አይደለም። ታሪኩም አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ቀና ብለው አላዩኝም። "አውቀሽ ነው?"

"አላወቅኩም። ካየሁ በኋላ ግን ደበቅኩ።"

"ታሪኩስ?"

"ኮንጋ ሄዷል። አልመለስም ብሏል።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ክራንቻቸውን ሳብ አድርገው ተነሱና "ለእናትሽ ንገሪያት። ቅዳሜ እንሄዳለን" አሉ። እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆመው ሰምተው ኖሮ "በምን?" አሉ። "በመኪና ነዋ፤ በእግሬ ልሄድ ነው?" ሲሉ እትዬ አስቴር ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ አያቸውና ለጋቢናው ቦታ አመቻቸላቸው። እምቢ አሉ፤ ኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ሚኒባሱ ሲነሳ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨበጡት፤ የእጃቸው ጅማት ሲወጣ አየሁ። ወናጎን ካለፍን በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ላብ በጉንጫቸው ይወርድ ነበር። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ የኮታቸውን እጅጌ ያዝኩ። ይርጋጨፌ እስክንወርድ አልለቀቅኩም፣ እሳቸውም ልቀቂ አላሉኝም።

ከይርጋጨፌ በባጃጅ ሄደን፣ ባጃጁ የማይገባበትን ቀጭን መንገድ በክራንች ወጡት። ከቡና ማጠቢያው የቡናው ልጣጭ ሽታ ይመጣል፤ እንደቦካ ፍራፍሬ የሚጎመዝዝ ሽታ። ታሪኩን ጓሯቸው ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጀርባ እሸት ቡና ሲለቅም አገኘነው። ጋሽ በየነን ሲያይ ቅርጫቱን ጣለው። እናቱ ወጡ፣ ታላቅ ወንድሙ ወጣ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያደረግኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ወንድሙ ለእናቱ በጌዴኦኛ እየተረጎመ ነገራቸው። እያንዳንዷ ጥፋቴ ሁለት ጊዜ ተነገረች ማለት ነው።

ታሪኩ እስክጨርስ ጠበቀና ጋሽ በየነን "መኪኖቹ ሁሉ ጠፉ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ሁሉም።"

"ያ ትንሹም?"

"ትንሿማ አለች። እሷ መጀመሪያም ክፍት ናት።"

"እንግዲህ በትንሹ እንጀምራለን" አለ ታሪኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ግን መጥፎ ነህ" አለኝ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። እናቱ ቆጮና አቮካዶ አቅርበው ሳንበላ አትሄዱም አሉን።

ስንመለስ ታሪኩም አብሮን ነበር። ጋሽ በየነ በዚህኛው ጉዞ ጋቢና ገቡ፣ ከሾፌሩ ጎን። እኔና ታሪኩ ከኋላቸው ተቀመጥን። ኩርባው ጋ ስንደርስ ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። ዞር ሳይሉ "እዚህ ነው" አሉን። "ፍሬን አልነበረውም ብዬ ነበር ለሰው ሁሉ የተናገርኩት። ነበረው። ዘግይቼ ነው የያዝኩት፤ ቸኩዬ ነበር።" ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

ሰኞ ዕለት ጋሽ በየነ ልጆቹን ሰብስበው እኔ እንድናገር አደረጉ። ታሪኩን የወነጀለው ልጅ ይቅርታ ጠየቀው። ሦስተኛ ካርዴን አውጥቼ ስሰጣቸው "አልቀማሽም" አሉኝ። እኔ ግን ትቼላቸው ከአንደኛ ጀመርኩ። እሳቸውም ረጅሙን ውድድር እንደገና ከትንሿ መኪና ጀመሩ፤ አሁን ግን ከሰዓት የምንማር ልጆች ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጠን ኩርባውን እንስልላቸው ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ፈጠኑ። ተራራውን ያለፍኩት ክረምቱ ሲገባ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የልጆቹን ጩኸት አልሰማሁም፤ አፋቸው ሲከፈት ብቻ አየሁ።

ታሪኩ እኔ እስክደርስ አልሰማም ብሎ ነበርና አምስተኛው ምን እንደሆነ ያኔ ለሁለታችንም ነገሩን። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው አስተምሮ አንደኛ መንጃ ፈቃድ ማስወጣት ነበር። ታሪኩ የጎረቤት ሕፃን መረጠና በአንድ ሳምንት ጨረሰ። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እትዬ አስቴርን መረጥኩ። መኪናው ሲታጠፍ እሳቸውም አብረው ይታጠፋሉ፣ ሊጋጩ ሲሉ ጆይስቲኩን ጥለው ያማትባሉ፣ "በስመ አብ! ወረደብኝ እኮ!" ይላሉ። ክረምቱ በሙሉ አለቀ። የመጨረሻውን ዙር ሳይነኩ ሲጨርሱ ጋሽ በየነ ካርዳቸው ላይ ስማቸውን በትልቁ ጽፈው፣ ተነሥተው ቆመው ሰጧቸው።

ጌም ቤቱ እኛ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ተዘጋ። ማሽኖቹ አረጁ፣ ስልክ በየኪሱ ገባ። ጋሽ በየነ ግን ከዚያ በፊት ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ የትራፊክ ሕግ መምህር ሆነው ተቀጥረው ነበር፤ በየቀኑ በባጃጅ ይመላለሱ ነበር። ያረፉት እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ታሪኩ ዛሬ ይርጋጨፌ ውስጥ ቡና ገዝቶ ያቀርባል፤ ስንገናኝ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፣ እኔን ግን እስካሁን "አንተ" ይለኛል፣ ሆን ብሎ።

እኔ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በቅርቡ ሁለት ተማሪዎቼ የሠሩትን የስልክ ጌም አመጡልኝ፤ በባጃጅ የዲላን ዳገት የሚወጣበት ውድድር። ያምራል። ስነካው ወዲያው ገባኝ፣ ሳቅኩም። ነገር ግን ደቂቃ ሳይሞላኝ ሦስት ሽልማት ሰጠኝ፤ ስጋጭም ሸለመኝ። "ለምንድን ነው?" ስላቸው "ቲቸር፣ ሰው እንዳይሄድብን ነው" አሉኝ። መጀመሪያዋን ደቂቃ አትንኳት፣ ሽልማቱን ግን አብዛኛውን አውጡት፣ አንድ ሰው ደክሞ የሚያገኘው ነገር ተዉለት አልኳቸው። ብዙም አላመኑኝም፤ ሆኖም ሞከሩት።

ባለፈው ሳምንት ከሁለቱ ተማሪዎች አንዷ ቢሮዬ መጣች። ታናሽ ወንድሟ የጌማቸው ዳገት ላይ አራት ቀን እንደተቀረቀረ ነገረችኝ። ተናዶ ስልኩን ፍራሽ ላይ ወረወረው፣ ከዚያ ራሱ ሄዶ አነሳው። "አልተወውም፣ ቲቸር!" ስትል ፊቷ ያበራ ነበር። ደስ አለኝ። በዚያው ግን ልጁን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት፤ ክፍሉ ውስጥ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ብቻውን። ዛሬ ያ ሁሉ ድካም ስልኩ ላይ በራሱ ይቀመጣል፤ ማንም ተሳስቶ አያጠፋውም፣ ማንም ይቅርታ ለመጠየቅ መንገድ አይወጣም። ዳገቱን ባለፈ ጊዜም ስልኩ ትንሽ ሙዚቃ ያሰማዋል፣ ያ ብቻ ነው።

"ሲያልፈው አጠገቡ ሁኚ" አልኳት።

"እሺ ቲቸር" ብላ ልትወጣ በሩን ያዘች፤ ከዚያ ቆም አለችና ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። "ማሙሽ፣ እስክመጣ ጠብቀኝ እሺ? ያለ እኔ እንዳታልፈው" ስትለው ሰማኋት።